ጋሪ የማይናቅበት ከተማ
በጆርጂያ የምትገኘው ፒችትሪ ሲቲና የትንንሽ ጋሪዎቿ ሕግ

ከአትላንታ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፥ የአሜሪካን ሰፋፊ ጎዳናና የመኪናውን ሩጫ ሲያይ ከቆየ በኋላ፥ ድንገት ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ቦታው ፒችትሪ ሲቲ ይባላል። በፌየት አውራጃ ውስጥ የሚገኝ፥ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 38,244 ነዋሪዎች የተቈጠሩበት፥ ጥድ የከበበውና ሐይቅ ያለበት ጸጥ ያለ ከተማ ነው። ከዋናው የመኪና መንገድ ፈንጠር ብሎ፥ ዛፎቹን እየታከከ የሚሄድ ሌላ ቀጭን የአስፋልት መንገድ ይታያል። በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለሰው መኪና አይደለም፤ ጣሪያ እንጂ በር የሌለው፥ አራት ጎማ ያለው ትንሽ ጋሪ ነው።

በአንዱ ጋሪ ላይ ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ውሻቸውን በመካከላቸው አስቀምጠው ይሄዳሉ። በሌላው ላይ አንዲት እናት የገበያ ዕቃዋን ከኋላ ጭና ሕፃኗን ከጎኗ ይዛ ታልፋለች። ከእነርሱ በስተኋላ ደብተር የያዙ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይመጣሉ። እግረኛው በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ብስክሌተኛውም እንዲሁ። የሚጮኽ ጥሩንባ የለም፤ የሚሳደብ ሾፌርም አይሰማም። ለጎልፍ ጨዋታ የተፈጠረው ይህ ጋሪ እዚህ ከጨዋታ ሜዳው ወጥቶ የቤተ ሰብ መጓጓዣ ሆኗል። በከተማው ማዘጋጃ ቤት የተመዘገበው ጋሪ ከዐሥር ሺህ በላይ ነው።

በአትላንታ ዙሪያ፥ በተለይም በክላርክስተንና በዲካልብ አውራጃ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ስለዚህ ከአገር ቤት ዘመዱን ሊጠይቅ የሄደ ሰው አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ከተጓዘ ይህን ከተማ ለማየት ይችላል። መጐብኘቱ ደግሞ ለመደነቅ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከተሞች ጋሪና ባጃጅ የት ይሂዱ፥ የትስ አይሂዱ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያከራክር ስለ ሆነ፥ ሌላው ሕዝብ ይህንኑ ጥያቄ እንዴት እንደ መለሰው ማየት ይጠቅማል።

በወረቀት ላይ የተጀመረ ከተማ

አብዛኛው ከተማ በገበያ ወይም በወንዝ መሻገሪያ ዙሪያ ቀስ በቀስ ያድጋል። ፒችትሪ ሲቲ ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተነድፎ ኋላ በመሬት ላይ የተተከለ ነው። የጆርጂያ ምክር ቤት የከተማነት ቻርተር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ቦታው ጫካና የእርሻ መሬት ነበር። የመጀመሪያው ከንቲባ ጆኤል ካዋን ሥራውን ሲጀምር ዕድሜው ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር።

ንድፍ አውጪዎቹ ነዋሪው በመንደር በመንደር እንዲሰፍርና እያንዳንዱ መንደር ለራሱ የሚበቃ ሱቅ፥ ትምህርት ቤትና መናፈሻ በአቅራቢያው እንዲያገኝ አሰቡ። ዛሬ አበርዲን፥ ግሌንሎክ፥ ብሬሊን፥ ኬድሮንና ዊልክስሙር የሚባሉት መንደሮች የዚያ አሳብ ፍሬዎች ናቸው። መንደርን ከመንደር፥ ቤትን ከሱቅ የሚያገናኘው ቀጭን መንገድ እየተቀጣጠለ ዛሬ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ተዘርግቶ ቢለካ ከአዲስ አበባ እስከ ዝዋይ ያደርሳል ማለት ነው።

ጋሪውም ከሩቅ አልመጣም። በአውገስታ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የቆመው ኢ-ዚ-ጎ የተባለው ፋብሪካ፥ እዚያው አውገስታ የሚገኘው ክለብ ካርና በጎረቤቲቱ በኒውናን የሚሠራው ያማሃ፥ ሦስቱም በጆርጂያ ምድር የጎልፍ ጋሪ ያመርታሉ። ከጋሪዎቹ አንዳንዱ በቤንዚን፥ አንዳንዱ በባትሪ ይንቀሳቀሳል። ባትሪ ያለው ማታ ከቤት መብራት ጋር ተያይዞ ያድርና ጧት ሞልቶ ይነሣል። ወጪው ከመኪና ጋር ሲወዳደር ጥቂት ነው።

ጧት በትምህርት ቤት በር

የከተማውን ጠባይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ጧት ወደ ማኪንቶሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሂድ። በሌላው የአሜሪካ ከተማ የትምህርት ቤት ደጅ በመኪና የሚሞላውን ያህል፥ እዚህ ተራ በተራ የተደረደረ የጎልፍ ጋሪ ሜዳውን ሞልቶት ይታያል። ተማሪው ቍልፉን ኪሱ ከትቶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይገባል።

ይህ ግን ያለ ሥርዐት የተለቀቀ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ጋሪ በማዘጋጃ ቤቱ መመዝገብና ከሩቅ የሚነበብ ቍጥር መለጠፍ አለበት። መንጃ ፈቃድ ያለው የ16 ዓመት ወጣት ብቻውን ሊነዳ ይችላል። የ15 ዓመት ልጅም የመለማመጃ ፈቃድ ከያዘ ይፈቀድለታል። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለው ልጅ ግን አባቱ ወይም እናቱ፥ አያቱ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊው ከፊት ወንበር ከጎኑ ካልተቀመጡ መሪውን መያዝ አይችልም። ጠጥቶ ጋሪ የነዳ ሰው ደግሞ መኪና ጠጥቶ እንደ ነዳ ሰው በሕግ ይጠየቃል፤ «ጋሪ እኮ ነው!» የሚለው ምክንያት በዳኛ ፊት አያድነውም።

ለሽማግሌዎችም ጋሪው ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር መኪና መንዳት ያቃተው ሰው እግሩን እንደ ታሰረ ይቈጠራል፤ ሱቁ ሩቅ ነው፥ ታክሲው ውድ ነው፥ ልጆቹም በየሥራቸው ናቸው። እዚህ ግን በአውራ ጎዳና ሩጫ ዐይኑና እጁ የማይታመኑለት አረጋዊ በዝግታ መንገዱ መድኀኒቱን ገዝቶ፥ ወዳጁን ጠይቆ ይመለሳል። የሰውን ደጅ ሳይጠና መኖር ለሽማግሌ ምን ያህል ክብር እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ፈጣኑና ዝግተኛው ሲገናኙ

ከተማውን ሁለት ትልልቅ ጎዳናዎች ያቋርጡታል፤ አንዱ ቍጥር 54፥ ሌላው ቍጥር 74 ነው። በእነዚህ ላይ ከባድ የጭነት መኪናና ወደ አትላንታ የሚጣደፈው ሠራተኛ ይሮጣሉ። የጎልፍ ጋሪ በእነዚህ ጎዳናዎች ላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ነገር ግን ከተማው «አትሂድ» ብሎ ብቻ አልተወውም። ጋሪው ከጎዳናው በላይ በድልድይ፥ ከጎዳናውም በታች በዋሻ እንዲሻገር መንገድ ሠርቶለታል። ከላይ የጭነት መኪናው ሲያጓራ፥ ከታች ልጆች በጋሪ ወደ ኳስ ሜዳ ሲያልፉ ማየት የዚህ ከተማ ልዩ ትርዒት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። ጋሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፥ መኪና ደግሞ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር በአንድ መንገድ ላይ ቢሄዱ፥ መኪናው መቶ ሜትር ቀድሞት ያየውን ጋሪ የሚደርስበት በስድስት ሴኮንድ ነው። ሾፌሩ ራዲዮኑን ለመለወጥ ዐይኑን ቢያነሣ ወይም ከልጁ ጋር ቢነጋገር ያ ጊዜ ያልቃል። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት የመንደር ውስጥ መንገድ ግን ያንኑ መቶ ሜትር ለመድረስ 36 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ይህን ያህል ጊዜ ያለው ሾፌር አይቶ፥ አስቦ፥ ፍሬን ይዞ፥ ቢፈልግም እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጥቶ ለማለፍ ይበቃዋል።

ስለዚህ አደጋውን የሚያመጣው የጋሪው ዝግታ ብቻ አይደለም፥ የመኪናውም ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች የተጨነቁበትም ይህ ልዩነት ነው።

ሦስት ዐይነት ተሽከርካሪ፥ ሦስት ዐይነት ሕግ

እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ በፌዴራሉ ደንብ መካከለኛ ቦታ አልነበረም። በሰዓት ከ20 ማይል፥ ማለት ከ32 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የጎልፍ ጋሪ እንደ መኪና አይቈጠርም። ከዚያ ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ግን የመኪናን ግዴታ ሁሉ እንዲያሟላ ይጠየቃል። በዚህ መካከል ከጋሪ የሚፈጥን፥ ከመኪና የሚዘገይ ነገር ለመሥራት የፈለገ ፋብሪካ መግቢያ አጣ። በጡረታ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎችም ከጋሪ ትንሽ የሚሻል መጓጓዣ ይፈልጉ ነበር።

በ1998 ጁን ወር የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት «ዝግተኛ ተሽከርካሪ» የሚባል አዲስ ክፍል አቋቋመ። ደንቡ ቍጥር 500 ተብሎ ይታወቃል። በዚህ ደንብ ዝግተኛ ተሽከርካሪ ማለት አራት ጎማ ያለውና ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ፥ ነገር ግን ከ25 ማይል ወይም ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ነው። የፊት መብራት፥ የኋላና የፍሬን መብራት፥ ፍሬቻ፥ ብርሃን የሚመልስ አንጸባራቂ፥ ስፖኪዮ፥ የእጅ ፍሬን፥ የፊት መስታወት፥ በየወንበሩ የደኅንነት ቀበቶና የመለያ ቍጥር እንዲኖረው ታዘዘ። መኪና የሚያልፍበትን የግጭት ፈተና ግን አይጠየቅም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ሕጉ ተሽከርካሪውን ከግጭት የሚያድን ጠንካራ አካል አላለበሰውም፤ ይልቁን ከከባድ ግጭት በሚርቅበት ቦታ እንዲሄድ ነው ያሰበው። ስለዚህ ቦታውን የመወሰን ሥራ ለየግዛቱ ተተወ። አብዛኞቹ ግዛቶች፥ ጆርጂያም ጭምር፥ ዝግተኛ ተሽከርካሪ የፍጥነት ወሰኑ ከ35 ማይል ማለት ከ56 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ላይ ብቻ እንዲሄድ ይፈቅዳሉ።

ጆርጂያ ደግሞ ለትንሹ ጋሪ የራሱን ስም አውጥታለታለች፤ «የግል መጓጓዣ ተሽከርካሪ» ትለዋለች። ከአራት ያላነሰ ጎማ ያለው፥ በሜዳ ላይ ፍጥነቱ ከ20 ማይል የሚያንስ፥ ባዶውን ሲመዘን ከ1,375 ፓውንድ ማለት ከ624 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፥ ከስምንት ሰው በላይ የማይጭን መሆን አለበት። በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው እያንዳንዱ ከተማ ወይም አውራጃ ነው። መንገዱን የሚያውቀው በመንገዱ ላይ የሚኖረው ነውና ይህ ጥሩ አሳብ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ሦስት ደረጃ አበጀ፤ ጋሪው፥ ዝግተኛው ተሽከርካሪና መኪናው። ከደረጃው አልፎ ለመዝለል የሚሞክር ግን አይጠፋም። ጋሪውን በብልኀት አፍጥኖ ከ20 ማይል በላይ የሚያስሮጥ ወጣት እዚያም አለ። እንዲህ ያለው ጋሪ በሕግ ፊት ጋሪነቱ ቀርቶ ከሁለተኛው ደረጃ ገባ ማለት ነው፤ ቀበቶውና ፍሬቻው፥ መስታወቱም ከሌለው በአደባባይ መንገድ ላይ ቦታ የለውም።

በር የሌለው ጋሪ

ጋሪው ሰላማዊ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋበታል። እውነቱ ግን የጋሪው አሠራር ለሣር ሜዳ እንጂ ለአስፋልት አልታሰበም ነበር። በብዙዎቹ ጋሪዎች ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቍልቍለት ላይ በኀይል የተያዘ እንደ ሆነ ኋላው ይንሸራተትና ጋሪው ይሽከረከራል። ነጂው በግራ ስለሚቀመጥ፥ ድንገት ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ የተቀመጠው ተሳፋሪ ወደ ውጭ ይወረወራል። መሪውን የያዘው ሰው መሪው ይደግፈዋል፤ ሕፃኑ ግን የሚይዘው ዝቅተኛ መደገፊያ ብቻ ነው፤ እግሩም ወለል አይነካም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ተሳፋሪ ደግሞ ጋሪው ድንገት ሲነሣ ወደ መሬት ሊወድቅ ይችላል።

በጋሪ አደጋ የሕፃናት ራስ የመጎዳቱ ምክንያት ይህ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር በመኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጨዋታ ነው፤ ራሱን በአስፋልት ለሚመታ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ አስተዋይ ወላጅ ልጁን ከመካከል ያስቀምጣል፥ ለስድስት ሰው በተሠራ ጋሪ ስምንት አያሳፍርም፥ መታጠፊያ ሲደርስም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሌሎች ከተሞች

ፒችትሪ ሲቲ ብቻዋን አይደለችም። በአሪዞና እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 1960 የተከፈተችው የጡረተኞች ከተማ ሰን ሲቲ ለዚህ ልማድ ከቀደሙት አንዷ ናት። በፍሎሪዳ የሚገኘው ዘ ቪሌጅስ የተባለው የጡረተኞች ሰፈር በ2005 3,321 የጎልፍ ጋሪዎችን በአንድ ሰልፍ አስልፎ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በካታሊና ደሴት ላይ ያለችው አቫሎን የመኪናን ቍጥር ስለ ወሰነች አብዛኛው ሰው በትንንሽ ጋሪ ይመላለሳል።

ፍሎሪዳ ቀድሞ የ14 ዓመት ልጅ በተፈቀደ መንገድ ላይ የጎልፍ ጋሪ እንዲነዳ ትፈቅድ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን ሕጉ ጠበቀ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነጂ ቢያንስ 15 ዓመት ሞልቶት የመለማመጃ ፈቃድ፥ ወይም 16 ሞልቶት መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ጋሪው እየበዛ ሲሄድ ሕጉም አብሮ መንቃቱ አይቀርም።

የእኛው ጋሪና ባጃጅ

ይህን ሁሉ ያየ ኢትዮጵያዊ በልቡ ወደ አገሩ መመለሱ አይቀርም። በቢሾፍቱና በአዳማ የፈረስ ጋሪ ለብዙ ዘመን ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ኖሯል። በድሬዳዋ፥ በሐዋሳ፥ በባሕር ዳርና በጎንደር ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ የከተማው እግር ሆኗል፤ የሕንዱ ፋብሪካ ስምም የዕቃው ስም ሆኖ ቀርቷል።

በእኛና በእነርሱ መካከል ግን የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። የፒችትሪ ሲቲው ጋሪ ምቾት ነው፤ ባለቤቱ በጓሮው ሌላ መኪና አለው፥ ወደ አትላንታ ሲሄድም እርሱን ያስነሣል። የሐዋሳው ባጃጅ ግን እንጀራ ነው። የነጂው ልጆች ራት፥ የተሳፋሪዋ የጤና ጣቢያ ጉዞ በእርሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የባጃጅን አገልግሎት ለጊዜው ባገደች ጊዜ፥ ባለ ባጃጁ ገቢውን አጣ፤ በዋናው መንገድ ታክሲ የማያገኘው የውስጥ ሰፈር ነዋሪም በእግሩ ሄደ። ዝግተኛው ተሽከርካሪ ከመንገድ ሲነሣ ጥያቄው አብሮ አልተነሣም።

የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ፈጣኑን ከዝግተኛው መለየት እንደሚቻል በአገራችን ታይቷል። መንገዱ በአጥር ተከልሎ እግረኛ፥ ከብትና ጋሪ እንዳይገቡበት ሆነ፤ ሥራውም መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ የተለየው መንገድ የተሠራው ለፈጣኑ ነው። ዝግተኛው በአሮጌው መንገድ ላይ ከጭነት መኪናው ጋር እየተጋፋ ቀረ። ፒችትሪ ሲቲ ያደረገችው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለዝግተኛው የራሱን መንገድ ሠራችለት፥ ከዚያም በኋላ «በዚህኛው አትሂድ» አለችው። ለሰው መሄጃ ሰጥቶ መከልከልና መሄጃ ሳይሰጡ መከልከል አንድ አይደሉም።

ድልድይና ዋሻ ገንዘብ ይጠይቃል፥ የእኛ ማዘጋጃ ቤቶችም ኪስ የታወቀ ነው። ሆኖም ከዚያ ከተማ የምንወስደው ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጋሪና ባጃጅ የሚሄዱበትን የመንደር ውስጥ መንገድ ለይቶ በዚያ ላይ የመኪናውን ፍጥነት ወደ ባጃጁ ፍጥነት ማውረድ ይቻላል፤ ልዩነቱ ሲጠብ አደጋውም ይቀንሳልና። እያንዳንዱን መዝግቦ ከሩቅ የሚታይ ቍጥር መስጠት ይቻላል። በጨለማ የሚሄድ የፈረስ ጋሪ ከኋላው አንጸባራቂ እንዲለጥፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዋጋው እጅግ ጥቂት ነው፥ የሚያድነው ግን የሰውና የፈረስ ነፍስ ነው። የትኛው መንገድ እንደሚፈቀድ ሲወሰንም ባለ ጋሪውንና ባለ ባጃጁን ጠርቶ መጠየቅ ይገባል፤ የመንገዱን ጕድጓድ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና።

ከተማ የሚመዘነው የፈጠነው ሰው በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው፥ ተማሪውና ዕቃ የጫነው ድኻ በደኅና ወጥተው በደኅና መግባታቸውም መታየት አለበት። ፒችትሪ ሲቲ ሀብታም ከተማ ናት፤ ሀብቷን ልንኮርጅ አንችልም። ዝግተኛውን አለመናቋን ግን ልንኮርጅ እንችላለን።